38 ዕቃ፣ 6 መጅሁል



ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ ሰሞኑን አንድ ወሬ ከወጣቶች ሐለቃ ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ቴሌግራም ግሩፕ ሲዞር ከርሟል። «የመስጂዱ ዋይፋይ ላይ የሆነ ሶፍትዌር ጭነዋል፤ ማን ምን እንደሚከፍት ቢሮ ቁጭ ብለው ያያሉ» ይላል። ሶፍትዌሩን የጫንኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደተጫነ፣ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ችግሩ የታወቀው በእህቶች በኩል ነው። ቅዳሜና እሑድ ከዐስር ሶላት በኋላ ደርስ አለ። ኡስታዙ ወንዶች ጋ ቁጭ ብለው ያስተምራሉ፤ በስልክ በቀጥታ ይተላለፋል፤ እህቶች ደግሞ ፎቅ ላይ ባለው ቴሌቪዥን ያንኑ ስርጭት ከፍተው ይከታተላሉ። (አዎ፣ ከአንድ ወለል በላይ ለሚሰማ ድምፅ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ደርሶ መመለስ ግድ አልነበረም። በዚህ ጉዳይ ሌላ ቀን እንከራከራለን።) ታዲያ ደርሱ ሞቅ ሲል ስርጭቱ ይቆማል። አንድ ደቂቃ ይሄዳል፣ ሦስት ደቂቃ ይቆማል። እናቶች ከሩቅ ሰፈር በእግራቸው መጥተው ባዶ ስክሪን አይተው ይመለሳሉ። ኮሚቴው ጥፋቱን በኢንተርኔት አቅራቢው ላይ ጣለ፤ ፓኬጁ ከፍ እንዲል ተደረገ፤ ወርሃዊ ክፍያው ጨመረ፤ ስክሪኑ ግን መቆሙን አልተወም። የሚገርመው በሌሎቹ ቀናት ምንም የለም። ሰኞ ማታ ብትሞክሩት እንደ ወራጅ ውኃ ይሄዳል።

ይህን ለመመርመር መጀመሪያ መስመሩ ላይ ምን ምን እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደው። የመስጂዳችንን ኔትወርክ ማንም ነድፎ አልሠራውም፤ በሰደቃ የተሰበሰበ ነው። አንዱ ራውተር ሰጠ፤ ከሳዑዲ የተመለሰ ወንድም ስዊችና ካሜራዎች ይዞ መጣ፤ ጫማ ሲሰረቅ ሌላ ካሜራ ተጨመረ፤ ለመድረሳው ክፍል አሮጌ ኮምፒውተሮች ተሰጡ፤ ለቢሮ ፕሪንተር መጣ። ኬብሉ በኮርኒስ ውስጥ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው የዘረጋው ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱም አገር ለቋል። አላህ ለሁሉም ምንዳቸውን ይክፈላቸው፤ ግን ከመካከላቸው አንድም ሰው ዝርዝር አልተወም።

እኔ የኪታብ ልጅ ነኝ። ከልጅነቴ ነሕውና ፊቅህ፣ በኋላም ሙስጠለሐል ሐዲስ ስቀራ ነው ያደግኩት። ኮምፒውተር የተማርኩት ከሃያ አምስት ዓመቴ በኋላ፣ የሸይኻችንን ደርሶች ቀድቼ ለማስቀመጥ ስል ነው። ከዚያ ሊኑክስ ያዝኩ፤ ከዚያ ኔትወርክ። ስለዚህ ቋንቋዬ የመድረሳ ቋንቋ ቢሆንባችሁ ታገሱኝ፤ እኔም ነገሩ የገባኝ በእሱ ነው።

የኔትወርክ አሰሳ የሚባለው ነገር ከመሠረቱ ስም መጥራት ነው። የቤትም ሆነ የመስጂድ ራውተር ብዙውን ጊዜ ከ192.168.1.1 እስከ 192.168.1.254 ያሉ አድራሻዎችን ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ያድላል። 254 ወንበር ያለው ክፍል ማለት ነው። አሳሹ ሶፍትዌር በር ላይ ቆሞ ከ1 እስከ 254 «አለህ?» እያለ ይጣራል፤ «አለሁ» ያለውን ይመዘግባል። የዚህ ጥሪ ቀላሉ ዓይነት ፒንግ ይባላል፤ ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ስሙንም ያገኘው የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ድምፅ ልኮ ማሚቶውን ከሚያዳምጥበት መሣሪያ ነው። ነገር ግን ፒንግን ሰምቶ ዝም የሚል ዕቃ አለ። ለምሳሌ ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር ፋየርዎሉ ስለሚከለክለው ብዙ ጊዜ አይመልስም። «የለም» ብላችሁ ታልፉታላችሁ፤ እሱ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ለዚህ ነው ኤአርፒ የሚባለው ጥያቄ የሚሻለው። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ዕቃዎች ዳታ ከመለዋወጣቸው በፊት «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ተብሎ በጉባኤ ይጠየቃል፤ ባለቤቱ «የእኔ ነው» ብሎ የፋብሪካ ቁጥሩን ይናገራል። ይህን ካልመለሰ ማንም ምንም ሊልክለት አይችልም፤ ስለዚህ ዝም ሊል አይችልም። ኤንማፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም (እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ያለ ነው) በራሳችሁ መስመር ላይ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ስታሠሩት ይህን መንገድ ራሱ ይመርጣል። 254ቱን ጠርቶ ለመጨረስ ሰከንዶች ይበቁታል።

አንድ ሌሊት ከዒሻ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ ስልኮች ሲቀንሱ ጠራሁ። 38 መለሱ። እኔ በወረቀት ላይ የጻፍኩት 19 ነበር።

አሁን ማን ማን ናቸው? የፋብሪካ ቁጥሩ 48 ቢት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 24 ቢቶች አይ ትሪፕል ኢ የተባለው ተቋም ለአምራቾች የሚያድላቸው ናቸው። ስለዚህ ከቁጥሩ ግማሽ የሠሪውን ስም ታውቃላችሁ፤ ይህ ፕሪንተር ከሚሠራ ኩባንያ ነው፣ ይህ ካሜራ ከሚሠራ ነው ትላላችሁ። በስልክ ላይ ግን ይህ አይሠራም። ከአንድሮይድ 10 (እ.ኤ.አ. 2019) እና ከአይፎኑ አይኦኤስ 14 (2020) ወዲህ ስልኮች ለየዋይፋዩ የፈጠራ ቁጥር እያወጡ ነው የሚገቡት። ይህ የተደረገው ሰውን በስልኩ ቁጥር ከቦታ ቦታ እንዳይከታተሉት ነው። መልካም አድርገዋል፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

በሁለት ሌሊት ውስጥ 32ቱን አወቅናቸው። ስድስቱ ቀሩ። ደብተሬ ላይ «መጅሁል» ብዬ ጻፍኳቸው። የሐዲስ ትምህርት የነካችሁ ታውቁታላችሁ፤ በሰነዱ ውስጥ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ሲመጣ ዑለሞች ወዲያው ውሸታም አይሉትም፣ ወዲያውም አያምኑትም። በሁለት ይከፍሉታል። መጅሁሉል ዐይን ማለት ሰውየው ራሱ ማን እንደሆነ የማይታወቅ ነው። መጅሁሉል ሓል ደግሞ ሰውየው ይታወቃል፣ ሁኔታው ግን አይታወቅም፤ ይታመናል ወይስ አይታመንም የሚለው አልተጣራም። እውነት ለመናገር በዚህ ሥራ ላይ ያነበብኳቸው የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ሁሉ «ያልታወቀ ዕቃ» ብለው በአንድ ጎራ ያስቀምጡታል። የእኛዎቹ ክፍፍል ይሻላል። ሠሪው እንኳን ያልታወቀን ዕቃ ኬብሉን ተከትሎ መፈለግ ነው ያለው። ካሜራ መሆኑ ታውቆ ምን እንደሚያይና ለማን እንደሚልክ ካልታወቀ ግን የሚቀረው ሥራ ሌላ ነው።

ከስድስቱ አንዱ ፕሪንተር ነበር፤ በኬብልም በዋይፋይም ገብቶ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። አንዱ ማንም የማይጠቀምበት የድምፅ ማጉያ መቆጣጠሪያ ነበር። ሌሎች ሁለት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ የተረሱ ስልኮች ሆነው ተገኙ። አምስተኛው አሮጌ የካሜራ መቅጃ ነበር፤ ሚንበሩ ሥር ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ ለብሶ ተሰክቷል። ስድስተኛው መጅሁሉል ሓል ነው። ቁጥሩ የካሜራ ሠሪ ነው፤ በሚሠራው የካሜራ መቅጃ ዝርዝር ውስጥ ግን የለም።

የካሜራው ኬብል ወደ ፎቅ እንደሚወጣ ስዊቹ ላይ አየሁ። ፎቁ የእህቶች ነው። ስለዚህ እጄን ሰበሰብኩ። በብራውዘር ስከፍተው ስምና ፓስወርድ የሚጠይቅ ገጽ መጣ፤ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የምትማር አንዲት እህት አለች፤ እሷን ጠርተን በራሷ ላፕቶፕ፣ በእህቶች በኩል ሆና እንድትከፍተው ጠየቅናት። ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠውን ስምና ፓስወርድ አስገባች። ከፈተው። ወደ ታች ወርዳ ለሸይኻችን የነገረቻቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ሸይኻችን፣ የውዱእ ማድረጊያው በር ድረስ ያሳያል።»

ከዓመታት በፊት ጫማ ሲሰረቅ የተሰቀለ ነው። መደርደሪያውን እንዲያይ ነበር የታሰበው፤ በኋላ መደርደሪያው ቦታ ሲቀይር ካሜራው ቀረ። እህቶች ሒጃባቸውን አስተካክለው፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው የሚያልፉበት ኮሪደር ነው። ራውተሩን ስከፍት ደግሞ የባሰ ነገር አገኘሁ። ዩፒኤንፒ የሚባል አሠራር አለ፤ ዕቃው ራሱ ራውተሩን «ከውጭ የሚመጣ ሰው እኔ ጋ እንዲገባ በር ክፈትልኝ» ብሎ ይጠይቃል፣ ራውተሩም ማንንም ሳያማክር ይከፍታል። ካሜራው ጠይቆ ተከፍቶለታል። የበሩ ቁልፍ ደግሞ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የፋብሪካ ፓስወርድ ነው።

ማን አይቶ እንደሆነ የሚነግረን መዝገብ ካሜራው ውስጥ አልነበረም። ሸይኻችን ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አዩ። ከዚያ «ለነገ አይደር» አሉ። እህታችንና ሁለት እናቶች መሰላል ይዘው ወጥተው ፈቱት። እኔ ታች ራውተሩ ላይ ዩፒኤንፒን ዘጋሁ፤ የተከፈቱትን በሮች አጠፋሁ፤ የሌሎቹን ካሜራዎች ፓስወርድ ቀየርኩ። ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ይህ የእኛ መስጂድ ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በመቶ ሺዎች የያዘው ወደ 60 የሚጠጉ የፋብሪካ ስምና ፓስወርዶችን በመሞከር ብቻ ነው። ሌላ ጥበብ አላስፈለገውም። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር ዳይን የተባለውን ድርጅት በእነዚሁ ዕቃዎች አጥቅተው ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ገጾች አሜሪካ ውስጥ ለሰዓታት ተቋርጠዋል። ቤታችሁ ካሜራ ያላችሁ፣ ሱቃችሁ ላይ የሰቀላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ ሳትጨርሱ ተነስታችሁ ፓስወርዱን ብትቀይሩ ቅር አይለኝም።

የእህቶች ስክሪን ነገር ግን አልተፈታም። ስድስቱም መጅሁሎች ታውቀው ቅዳሜ ከዐስር በኋላ ደርሱ እንደገና ቆመ። አንድ ሌሊት ስም መጥራት የዚያን ሌሊት ሁኔታ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የሚመጣን ነገር ሐሙስ ሌሊት አታገኙትም። ቁጭ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቅ ነገር አስፈለገ፤ ወሬ የሆነው ሶፍትዌር የመጣውም በዚህ ነው።

ስሙ ዛቢክስ ይባላል። ላትቪያ ውስጥ አሌክሴይ ቭላዲሼቭ የተባለ ሰው የጀመረውና እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ የተለቀቀ፣ ነፃና ኮዱ ክፍት የሆነ ሥራ ነው። ሌሎችም አሉ፤ ሊብረኤንኤምኤስ ጥሩ ነው፣ ለቤት ያህል ከሆነ አፕታይም ኩማ ይበቃል። እኔ ዛቢክስን የመረጥኩት አሰሳውንም ክትትሉንም በአንድ ስለያዘና ኢንተርኔት ባይኖርም ውስጥ ለውስጥ ስለሚሠራ ነው። ለመድረሳው ከተሰጡት አሮጌ ኮምፒውተሮች አንዱን፣ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለውን ወስጄ ዴቢያን ሊኑክስ ጫንኩበት፤ ዛቢክስን ከነዳታቤዙ አስገባሁ። ለአርባ ዕቃ ያንሳል አይባልም። ገብታችሁ መጀመሪያ የምትሠሩት የፋብሪካውን ፓስወርድ መቀየር ነው። እሱም እንደ ካሜራው በዓለም የታወቀ ፓስወርድ ነው የሚመጣው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአድራሻውን ክልል ትሰጡታላችሁ፤ በየሰዓቱ ይጠራል። አዲስ ዕቃ ሲመልስ ወደምትፈልጉት ምድብ ያስገባዋል። የእኔ ምድብ ስሙ «መጅሁል» ነው፤ እዚያ ሲገባ ለእኔ በቴሌግራም መልእክት ይመጣል፤ ማንነቱን ሳጣራ ወደ ቦታው አዘዋውረዋለሁ። የታወቁትን ደግሞ በየደቂቃው ፒንግ ያደርጋል። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካልመለሰ «ወድቋል» ይላል፤ አንድ ጊዜ ብትጠፋ ምናልባት እግር መንገድ ላይ ተይዞ ነው እንጂ አልሞተም። ኤስኤንኤምፒ የሚባለው ቋንቋ ያላቸው ስዊቾች በየትኛው ቀዳዳ ምን ያህል ዳታ እንዳለፈ፣ ሙቀታቸው ስንት እንደሆነ ይናገራሉ። ርካሾቹ ስዊቾች ይህ ቋንቋ የላቸውም፤ ያላቸውም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ «ፐብሊክ» የሚል ቃል የነገራቸውን ሁሉ ያወሩለታል፤ እሱንም መቀየር ያስፈልጋል። ቢቻል ሦስተኛውን የቋንቋውን ደረጃ ተጠቀሙ፤ እሱ ብቻ ነው ንግግሩን የሚመሰጥረው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁሉም ዕቃ ወድቆ ሁሉም ይነሣል፤ ስልካችሁ በመልእክት ይጥለቀለቃል። መፍትሔው ለሶፍትዌሩ ማን በማን ላይ እንደሚንጠለጠል መንገር ነው፦ ዋናው ስዊች ከወደቀ ከኋላው ስላሉት አሥራ ሁለት ካሜራዎች አትጩህ፣ ስለ ስዊቹ ብቻ ንገረኝ። ሌላው ደግሞ ኢንተርኔት ሲቋረጥ «ኢንተርኔት ተቋርጧል» የሚለው የቴሌግራም መልእክትም አይወጣም። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ ያለው ስክሪን ክፍት ነው፤ ቀይ ሲበራ ሙአዚኑ አይቶ ይጠራኛል። ሙአዚናችን ኮምፒውተር አይነኩም፤ ቀይና አረንጓዴ ግን ያውቃሉ።

አሁን ወደ ቅዳሜ። ሁለት ነገር ፒንግ እንዲያደርግ አዘዝኩት፤ አንደኛው የራሳችን ራውተር፣ 192.168.1.1፤ ሁለተኛው ውጭ ያለ የታወቀ አድራሻ። ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም የውጩ መቅላት ጀመረ፤ ይመለሳል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ራውተሩ ግን አረንጓዴ ነው፤ «አለሁ» ይላል። በር ጠባቂው ቆሟል፣ በሩ ግን አያሳልፍም። ይህን ያየ ሰው ወዲያው አቅራቢውን ይከሳል። እኛም ለወራት ያደረግነው እሱን ነው። ግን ለምን ቅዳሜና እሑድ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ብቻ?

በዚያው ሰዓት ኤአርፒ-ስካን የሚባለውን ፕሮግራም አሠራሁ። «192.168.1.1 የማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁለት መለሱ። ሁለት የተለያየ የፋብሪካ ቁጥር፣ አንድ አድራሻ። እዚያው ብቻዬን ሳቅኩ፤ ምክንያቱም ይህም በሙስጠለሕ ስም አለው። አል-ሙተፊቅ ወል-ሙፍተሪቅ ይባላል፤ ስማቸው አንድ የሆነ፣ ሰዎቹ ግን የተለያዩ። አል-ኸጢብ አል-በግዳዲ በዚሁ ስም ኪታብ ጽፈውበታል። አንዱ ታማኝ፣ ሌላው ደካማ ቢሆን፣ ስማቸው አንድ ነው ብሎ የደባለቀ ሰው ሰነዱን ያበላሻል።

ሁለተኛው የመድረሳው ክፍል ውስጥ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ለሕፃናቱ ቃዒዳ ክፍሉ ሲከፈት፣ ማከፋፈያው ሲሰካ፣ አንድ ደግ ሰው «ዋይፋይ ለክፍሉ ይድረስ» ብሎ የሰካው ትንሽ የቤት ራውተር አብሮ ይበራል። የሱም አድራሻ ከፋብሪካ 192.168.1.1 ነው። እያንዳንዱ ዕቃ በመጨረሻ የሰማውን ያምናል፤ አንዴ ወደ እውነተኛው ይልካል፣ አንዴ ከኋላው ኢንተርኔት ወደሌለው። ክፍሉ ሲዘጋ ሁለተኛው ይጠፋል፤ ኢንተርኔቱም ይድናል። ራውተሩን አልጣልነውም። አድራሻውን ወደ 192.168.1.2 ቀየርነው፣ አድራሻ ማደሉን አጠፋንበት፤ ዛሬ ለክፍሉ ዋይፋይ እየሰጠ ነው። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ የእህቶች ደርስ አልተቋረጠም፤ አልሐምዱሊላህ። የፓኬጁንም ጭማሪ መለስነው።

ይህ ሁሉ ለኮሚቴው ሲነገር ደስታው ብዙ ነበር። ወሬው የተወለደው ግን እዚያው ስብሰባ ላይ ነው። የኢንተርኔቱን ወርሃዊ ክፍያ ከኪሳቸው የሚከፍሉ አንድ ሐጂ አሉ፤ ለዚህ መስጂድ የዋሉት ውለታ ተቆጥሮ አያልቅም። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ይህ ነገር ይህን ያህል የሚያውቅ ከሆነ፣ ልጆቹ ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ተኮልኩለው ምን እንደሚያዩም ይንገረን። ገንዘቡ የኔ ነው፤ ነገ አላህ ፊት የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

ቀላል ጥያቄ አይደለም። ንያቸውም ንጹሕ ነው። እኔም እውነቱን ነገርኳቸው፦ ዛቢክስ ዕቃው በሕይወት አለ ወይ፣ ምን ያህል ዳታ አለፈ የሚለውን እንጂ ማን ምን ከፈተ የሚለውን አያይም። ማየት ግን ይቻላል። እያንዳንዱ ስልክ ገጽ ሲከፍት ቀድሞ የገጹን ስም ለአድራሻ ጠቋሚ ይጠይቃል፤ ያን ጠቋሚ ራሳችን ብንይዘው የየስልኩን የጥያቄ ዝርዝር ማስቀመጥ እንችላለን። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። «እችላለሁ ሐጂ፤ እርስዎም ሸይኻችንም ካዘዙኝ በኋላ እንኳ ግን ሌላ ሰው ይሥራው» አልኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ሸይኻችን ጥቂት ቆይተው ወደ ሐጂ ዞረው «ማወቅ ነው የፈለጉት ወይስ መከልከል?» አሉ።

ሐጂ አሰቡ። «መከልከል» አሉ።

«እንግዲያው ለመከልከል ማወቅ አያስፈልግም።»

ሱረቱል ሑጁራት ውስጥ ተጀሱስ መከልከሉን እዚያ የነበረ ሁሉ ያውቃል፤ ሸይኻችን በዚያ ላይ ብዙ አልተናገሩም። የተናገሩት ስለ ዝርዝሩ ነው። «ዛሬ አንተ ታየዋለህ፤ አንተን አምንሃለሁ» አሉኝ። «አንተ ስትሄድ የሚመጣውን ግን አላውቀውም። የአንድ ልጅ ነውር በወረቀት ላይ ተጽፎ ከመስጂድ ቢሮ ቢወጣ፣ ያ ልጅ ተመልሶ እዚህ ደጃፍ ይደርሳል?» ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊም የሕጉን ነገር አነሡ፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ እንዲሁ እየተሰበሰበ የሚከማች ነገር አይደለም፤ የሚሰበስብ ለምን እንደሚሰበስብ መልስ ሊኖረው ይገባል።

የተሠራው ይህ ነው። የእንግዶች ዋይፋይ ለብቻው ተለይቷል፤ የዛቢክስ ጥሪ ወደዚያ ክልል አይደርስም። ስልኮቻችሁ ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም፤ ቢኖሩም ከላይ እንዳልኩት የፈጠራ ቁጥር ይዘው ስለሚመጡ የማንን እንደሆኑ አናውቅም። በዚያ ዋይፋይ ላይ የአድራሻ ጠቋሚው 1.1.1.3 ነው፤ ክላውድፍሌር እ.ኤ.አ. በ2020 የከፈተው፣ የብልግና ገጾችንና ቫይረስ የሚያሰራጩትን የማይጠቁም አገልግሎት ነው። እኛ ጋ የሚቀመጥ ዝርዝር የለም። ቪፒኤን የከፈተ ሰው ያልፈዋል፤ ይህንንም ለሐጂ አልደበቅኳቸውም። «እሱ እንግዲህ ሆን ብሎ አጥር የዘለለ ነው» ብለው ተዉት። ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ተጽፎ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከሶላት ሰዓቱ ጎን ተለጥፏል። ከሦስት ሳምንት በፊት የተለጠፈ ነው፤ ወሬውን የሚያዞሩት ልጆች ሰሌዳውን ቢያዩት ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

ይህን አንብባችሁ በየመስጂዳችሁና በየመድረሳችሁ ለመሥራት የምትነሱ ወጣቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል። በሩን አስፈቅዳችሁ ግቡ። ከኮሚቴው የተጻፈ ፈቃድ ይኑራችሁ። የጎረቤት ሆቴልን፣ የትምህርት ቤታችሁን፣ የምትሠሩበትን ቢሮ መስመር «ልሞክር» ብላችሁ አትጥሩ፤ ያለፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል፤ ስም መጥራትና በር መግፋት የተለያዩ ቢሆኑም የተጠራው ሰው ይህን ልዩነት ላያይላችሁ ይችላል። በእህቶች በኩል ያለውን ዕቃ እህቶች ይመርምሩት፤ በየከተማው ኮምፒውተር የተማሩ እህቶች ሞልተዋል፣ የሚጠራቸው ነው የጠፋው። ዝርዝሩን ደግሞ በወረቀትም ጻፉት፦ አድራሻ፣ የፋብሪካ ቁጥር፣ የት እንዳለ፣ ማን እንደሰጠው፣ ኬብሉ በየት እንደሚያልፍ። የእኛ ደብተር ቢሮው ውስጥ፣ የዘካ መዝገቡ አጠገብ ተቀምጧል። ፓስወርዶቹ በታሸገ ፖስታ ሸይኻችን ጋ ናቸው። እኔ ነገ ብሞት የሚመጣው ሰው ከ19 አይጀምርም።

ዛሬ መስመሩ ላይ 35 ዕቃ አለ፤ ሦስቱ ተነቅለው ወጥተዋል። መጅሁል ምድቡ ውስጥ ትናንት ማታ አንድ ነገር ገብቶ ነበር፤ አዲስ የመጣው የጽሕፈት ቤቱ ላፕቶፕ ሆኖ ተገኘ።

የቀረን የዩፒኤስ ባትሪ ነው። ያለው አሮጌ ስለሆነ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ አምስት ደቂቃ አይቆምም። ለእህቶች ፎቅ ደግሞ ከታች ማይክራፎን ቀጥታ የሚወስድ 40 ሜትር ያህል ኬብል እንፈልጋለን፤ ደርሱ ባሕር ማዶ ደርሶ መመለሱን እንዲያቆም። የሚችል ከዐስር በኋላ ቢሮ ይምጣ፤ ስሙን ደብተሩ ላይ እንጽፈዋለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።